የጸደቀ ጸጥታ

አንዱአምላክ ገና ሰማዩ ሳይነጣ ተነሥቶ በእህቱ ግቢ የተኙትን ሰዎች እግር እግራቸውን እየነካ ይቀሰቅስ ጀመር። «ተነሡ እንጂ፣ ተነሡ! ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ሰው ሜዳ ላይ ተዘርሮ ቢያዩ ምን ይሉናል?» ይላል። ይህን የሚለው ራሱ ከዚያው ሜዳ ተነሥቶ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ነው፤ የአልጋው ገመድ ግራ ጉንጩ ላይ የተወው መስመር ገና አልጠፋም። እህቱ ውባንች አጎበሯን ገለጥ አድርጋ አየችውና መልሳ ሸፈነችው። በቁምጣ የቆመ ሰው ግቢ ሙሉ የሰሊጥ ሠራተኛን ስለ ሥልጣኔ ሲገሥጽ ማየት ለዚያ ሰዓት ትንሽ በዛባት።

ግቢው ገንዳ ውሃ ከምትባል የቆላ ከተማ ዳር ላይ ነው፤ የውባንች እንጀራም ይኸው ግቢ ነው። ጥቅምት ሲገባ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርደው ሰው የባለ እርሻው ትራክተር መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ክፍል ግን አይፈልግም። በዚህ አገር ክፍል ውስጥ የሚያድር ወይ የታመመ ነው ወይ የታሰረ። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ቁልቁል ሲተፋ ያድራል። ስለዚህ ባለቤቱም እንግዳውም፣ ሙሽራውም አራሷም፣ ሱዳኖቹ አንገሬብ የሚሉትን የገመድ አልጋ ግቢ አውጥቶ፣ አጎበር ወጥሮ፣ ሰማይ እያየ ይተኛል። ውባንች ከኒሙ ዛፍ ሥር እስከ አጥሩ ድረስ አልጋ ደርድራ በሌሊት ሠላሳ ብር ታከራያለች፤ ከነአጎበሩ አርባ። አልጋማ የትም ሞልቷል። የእሷ ግቢ የሚመረጠው ጸጥ ያለ ስለሆነ ነው፤ መጠጥ ቤት አይጎረብተውም፣ የጭነት መኪና በደጁ አያልፍም። ቀኑን ሙሉ ወገቡን አጥፎ የሚውል ሰው ከምንም ነገር በላይ እንቅልፍ ይገዛል፣ እሷም የምትሸጠው ያንኑ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዱአምላክን ከአምስተኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ያደረሰችው በሌላ ሰው እንቅልፍ ነው ማለት ይቻላል።

ከአጥሩ ማዶ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ ማንም አልተከፋም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ጣራውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት ታልፋለች፤ ዶሮዎቹ ይበተናሉ፣ ሕፃናቱ ይጮኻሉ፣ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል። ሕዝቡ ስለ ጆሮው ሳያስብ መንግሥት አሰበለት። «የድምፅ ተጽዕኖ ቅነሳ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት» የሚባል ተቋቋመና ከዋናው መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ተከራይቶ አንድ ትልቅ ጄነሬተር አስገባ። የጄነሬተሩ ጩኸት ከአውሮፕላኗ የባሰ ነበር፤ ግን የመሥሪያ ቤቱ ንብረት በመሆኑ በጥናቱ ውስጥ አልተካተተም። አንዱአምላክ በዚህ ጽሕፈት ቤት የማኅበረሰብ አገናኝ ተብሎ በኮንትራት ተቀጠረ። ሥራው ማኅበረሰቡ የሚፈልገውን ለጽሕፈት ቤቱ፣ ጽሕፈት ቤቱ የሚፈልገውንም ለማኅበረሰቡ ማድረስ ነበር፤ በተግባር ሁለተኛው ብቻ ቀና።

ነገሩ የተበላሸው ያን ጊዜ፣ ባለሙያዎቹ ድምፅ መለኪያ ይዘው ከአዲስ አበባ የመጡ ዕለት ነው። አንደኛው ቤቱን በዓይኑ ዞር ዞር ብሎ አየና «ነዋሪው የሚተኛው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ውባንች በዚያች ሰዓት ውሃ ይዛላቸው እየገባች ስለነበር በጆሮዋ ሰምታለች። አንዱአምላክ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና ብሎ «መኝታ ክፍል ነዋ!» አለ። «ውጭ የተደረደሩት አልጋዎችስ?» «ለሽያጭ የቀረቡ ናቸው።» ባለሙያው አመሰገነና ግቢውን የቤት ዕቃ መሸጫ ብሎ መዘገበ። ውባንች ያን ጊዜ አንድ ቃል መተንፈስ ትችል ነበር። ግን የወንድሟን ጆሮ አየች፤ ፍም መስሏል። ያፈረው በእንግዶቹ ፊት ብቻ አልነበረም፣ በእሷም ጭምር ነበር። ባሳደገችበት ግቢ፣ በገመድ አልጋው፣ ደጅ ተኝታ በምትነሣ እህቱ ነበር ያፈረው። ይህ ወደ ውስጧ ገብቶ አመማት፤ ቢሆንም የልጁን ገመና በሰው ፊት አልገልጥም ብላ ውሃውን አስቀምጣ ወጣች። ደግሞስ የት እንደሚተኙ መዋሸት ማንን ይጎዳል ብላ አሰበች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

ከጥቂት ወራት በኋላ መስኮቶቹ መጡ። ድርብ መስታወት፣ ወፍራም፣ የማይከፈት። ኮርኒሱ በስፖንጅ ታሸገ፣ በሩ በላስቲክ ተለበጠ። ለመንደሩ በሙሉ የታደለ ቢሆንም ሰው ሁሉ እንደየችሎታው ነው የተጠቀመበት። ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ኸሊል የእሱን አልተከለም፤ ባንኮኒው ላይ አጋድሞ የብስኩትና የሽቶ ማሳያ አደረገው። «ወላሂ ውባንች፣ እንዲህ ያለ መስታወት በገንዘብም አይገኝ። ዝንብ አይገባ፣ አቧራ አይገባ። አውሮፕላኑን እግዜር ይስጠው» ይላታል። የውባንች ቤት ግን የአገናኙ እህት ቤት ስለሆነ ሞዴል ሆነ። ሞዴል ማለት ሁሉም ነገር የተገጠመለት፣ ማንም የማይገባበት ማለት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ ውስጡ መቆም አይቻልም፤ ሣጥኑ ላይ የተወችው ሻማ ጎብጦ ሣጥኑ ላይ ተጋድሟል። እሷም ልብሷንና ድስቷን ብቻ እዚያ አስቀምጣ ኑሮዋን ከነጭራሹ ወደ ግቢው አወጣችው።

የጽሕፈት ቤቱ ዕቅድ ጸደቀ ተብሎ የተነገረው ባለፈው ሳምንት በድምፅ ማጉያ ነው። መኪናዋ መንደሩን እየዞረች የድምፅ ቅነሳውን ብሥራት ስትለፍፍ ከዋለች በኋላ የኸሊል ሚስት ራሷን አስራ ተኛች። የዛሬው ደግሞ ምረቃው ነው። ውባንች የወንድሟን ሸሚዝ በከሰል ካውያ ስትተኩስለት እሱ ከረባቱን አምስት ጊዜ አስሮ አምስት ጊዜ ፈታው።

«ዕቅዱ ምን ምን ይላል ግን?» አለችው።

«ድምፅ ይቀንሳል ይላል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ጸድቋል እኮ፣ እታለም!» ጸድቋል ሲል ጥያቄው ሁሉ የሚያልቅ ይመስለዋል። ሸሚዙን ተቀብሎ ለበሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ ምንም እንዳትናገሪ እሺ? ከጠየቁሽ ፈገግ በይ። ዛሬ በሰላም ካለፈ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ» አላት። እሷም ኮሌታውን አስተካከለችለት። ቋሚ የሚለው ቃል በእናታቸው አፍም ቢሆን የጸሎት ያህል ነበር፤ ይህን ለመከልከል አንጀቷ አልጨከነም።

አልጋዎቹና ሠራተኞቹ ከጓሮ፣ ከማሽላ አገዳው አጥር ጀርባ ተደበቁ። ትራክተሩ የሚመጣው ነገ ስለሆነ የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ባየልኝ የሚባለው ጎጃሜ፣ ለአራተኛ ዓመት ወደዚህ ግቢ የመጣው፣ አልጋውን እየጎተተ «ጌታዬ፣ ማሳልስ ይቻላል?» ብሎ ጠየቀ። አንዱአምላክ ጥቂት አሰበና «ቀስ ብለህ» አለው።

ሦስት ሰዓት ይመጣሉ የተባሉት እንግዶች ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ መጡ። «እንቅልፍ ለሁሉም!» የሚል ጨርቅ በሩ ላይ ተሰቅሎ ጠበቃቸው። ከፊት የመጡት ኢንጂነር አሸናፊ ናቸው፤ ዕቅዱን ያዘጋጁት እሳቸው ሲሆኑ ከነከረባታቸው፣ ከነጥቁር ኮታቸው፣ በጣም ጨዋ ሰው ነበሩ። ለውባንች ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጧት፤ ኸሊል በበረዶ ያመጣውን ከርከዴ የሚባል ቀይ የአበባ መጠጥ ጠጥተው አመሰገኑ። ከዚያ ሁሉም ሞዴሉ ክፍል ውስጥ ገብተው በላስቲክ የተለበጠው በር ተዘጋ። አውሮፕላኗ አሁን በጣራው ላይ ታልፋለች፣ እንግዶቹም ምንም እንዳልሰሙ ይመሰክራሉ፤ ፕሮግራሙ ይህ ነበር።

አውሮፕላኗ ቀረች። መጀመሪያ ሁሉም ፈገግ እንዳሉ ጠበቁ። ቀጥሎ ፈገግታው ይቀልጥ ጀመር። ከንግድ ቢሮ የመጡት ወፍራም ሰውዬ መሐረባቸውን ጨምቀው መልሰው ተጠቀሙበት፤ የአንዲት ባለሙያ የተሳለ ቅንድብ ቀልጦ በጉንጯ ወረደ። በሩን ክፈቱ የሚል ግን አልተገኘም። መንግሥት ያጸደቀው ክፍል ሞቀኝ ማለት ለሹመት የሚበጅ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ማን ቀድሞ ይወድቃል በሚል ዓይን እየተያዩ ላባቸውን ዋጡ። ኢንጂነሩ ዝምታውን ለመስበር ዕቅዱን ማንበብ ጀመሩ። ውባንች በሩ ሥር ቆማ የሚገባትንም የማይገባትንም እያዳመጠች፣ በታዘዘችው መሠረት ፈገግ ብላ ነበር።

«…በጥናቱ እንደተረጋገጠው የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ ሌሊቱን የሚያሳልፈው በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ነው። ክፍሎቹም ድምፅ እንዳያስገቡ ተደርገዋል። በመሆኑም፣ በቀን ሙቀት ጭነት የያዘ አውሮፕላን ለመነሣት ስለሚቸገር፣ የሰሊጥና የሥጋ ጭነት በረራዎች በሙሉ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት እንዲሆኑ ጸድቋል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ተግባራዊ ይሆናል።»

ተጨበጨበ። ውባንች ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ድምፅ ይቀንሳል ያሉት ይህን ነው? በሳምንት ሁለት ቀን በጠራራ የምትመጣዋን ትንሿን አውሮፕላን በሌሊት በሚመጡ ትልልቆች ሊለውጡላት ነው? የአልጋዎቿ መደዳ፣ የተወጠረው አጎበር፣ ሰማይ እያየ የሚያንኮራፋው ሰው ሁሉ በዓይኗ መጣ። ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ከሆነ የምትሸጠው ነገር አለቀ፤ ማንም አርባ ብር ከፍሎ ሲባንን አያድርም። ይህ ሁሉ የመጣው ደግሞ «መኝታ ክፍል ነዋ» ከምትል አንዲት መልስ ነው፤ እሷም ውሃ ይዛ ቆማ ከሰማቻት።

«ይቅርታ፣ ጌታው—» አለች።

አንዱአምላክ ክርኗን ያዘ። አልጨመቃትም፤ ያዛት ብቻ። በልጅነቱ ወባ ሲይዘው እንዲሁ ነበር የሚይዛት። አሳዘናት፣ አናደዳትም፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ ቀረች። ኢንጂነሩ ግን ስልካቸው ጮኾ ስለነበር ሁለቱንም አላዩም። ስልኩን ዘግተው በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አውሮፕላኗ በሙቀቱ ምክንያት አልተነሣችም።

«ግድ የለም» አሉ፣ «ሙከራውን በሌላ መንገድ እናካሂደዋለን። ወይዘሮ ውባንች፣ እባክዎ ውጭ ይውጡና በመስኮቱ በኩል ባለ በሌለ ኃይልዎ ይጩኹ። እኛ እዚህ ሆነን እናዳምጣለን።»

«እኔ ልጩኽ!» አለ አንዱአምላክ ዘሎ።

«አይ፣ አንተ እዚህ ሁን። የሴት ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ለፍተሻ ይሻላል።»

«ምን ብዬ ልጩኽ?» አለች ውባንች።

ኢንጂነሩ በፍጹም ቅንነት «ያሰኘዎትን» አሏት።

ወጣች። ያ እሳት የሆነ የጥቅምት ቀትር ከክፍሉ ሲነጻጸር የጎንደር ብርድ መሰላት። መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ሁሉም በመስታወቱ በኩል አሰፍስፈው ያይዋታል፤ ኢንጂነሩ ይጀምሩ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጧት። መጀመሪያ አፈረች። በተከበሩ ሰዎች ፊት መጮኽ ለካ ያሳፍራል። ቀስ ብላ «እኛ እኮ ውጭ ነው የምንተኛ» አለች። ኢንጂነሩ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይጨምሩ አሏት። ጨመረች።

«ውጭ ነው የምንተኛ! አገሩ በሙሉ ውጭ ነው የሚተኛ! አልጋው ለሽያጭ አይደለም፣ ሰው ነው የሚያድርበት! ያ ክፍል ምድጃ ነው፣ ማንም ገብቶበት አያውቅም! ወንድሜ አፍሮ ነው የዋሻችሁ! በእኔ አፍሮ!» እዚህ ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ፤ እንባዋም መጣ፤ ግን አላቆመችም። ይህን ሁሉ ጊዜ አፍና የያዘችው ነገር አንዴ መንገድ ካገኘ በኋላ የሚመለስ አልነበረም። «አንዱ! ምን አጠፋሁብህ? በዚሁ አልጋ አይደለም ያሳደግሁህ? የሌሊቱን አውሮፕላን ንገራቸው! ከዛሬ ማታ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንቅልፍ የለም በላቸው! ማን ይመጣልኛል? ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት አውሮፕላን እየጮኸ ማን ይተኛልኛል? ሥራዬን ዘጋችሁት እኮ! በሕይወት እያለሁ ዘጋችሁኝ!» መስታወቱን በሁለት እጇ ደበደበችው።

ከወዲያ በኩል ፊቶቹ ቀስ በቀስ በደስታ በሩ። ወፍራሙ ሰውዬ ምንም እንደማይሰማ ለጎረቤታቸው በጣታቸው አመለከቱ። ባለቅንድቧ ሴት ስልኳን አውጥታ ውባንችን ትቀርጽ ጀመር። ከእነሱ ሁሉ ፊቱ ያልበራው አንዱአምላክ ብቻ ነበር፤ ከንፈሯን እያየ አንዲት ቃል ሳታመልጠው ተከትሏታል። ኢንጂነሩ ወደ እሱ ዘንበል ብለው አንድ ነገር ጠየቁት። እንባዋን አይተው «ምን እያለች ነው?» ብለውት መሆን አለበት። አንዱአምላክ ውባንችን አያት። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተና አጭር ነገር መለሰ። ኢንጂነሩ በጣም ተነኩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉላት፤ ሌሎቹም እሳቸውን ተከትለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። ምስጋናዋን መቀበላቸው ነበር። ከዚያ በአንድነት ያጨበጭቡ ጀመር፤ አንድም ድምፅ ወደ ውጭ አልወጣም። እውነቱን ለመናገር ሥራው ጥሩ ተሠርቷል።

ውባንች እጇን ከመስታወቱ ላይ አወረደች። ያኔ ነው ከኋላዋ አልጋ ሲንቋቋ የሰማችው። የአገዳው አጥር ስፖንጅ የለውም፣ ድርብም አይደለም። ባየልኝ የልብስ ጥቅሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ከአጥሩ ወጥቶ ቆሟል፤ ከእሱ ጀርባ ሌሎቹ ነጠላቸውን እያጠፉ፣ ጫማቸውን እየፈለጉ ነው።

«እትዬ ውባንች» አለ፤ ሊያያት አልቻለም። «የሌሊቱ ነገር እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ?»

«ከዛሬ።»

«እንዴት ሁኖ ይቻላል ታዲያ… ነገ ማሳ ነን። ሳይተኙ ማጭድ መያዝ እግር መቁረጥ ነው።» ጥቅሉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «አይቀየሙን እንግዲህ። እኛ እንኳ ግቢውን እንወደው ነበር።»

«ለምን እቀየማለሁ» አለችና ሄዳ ትልቁን በር ከፈተችላቸው። አንድ በአንድ፣ እያንዳንዳቸው እግዜር ይስጥልን እያሉ፣ በፊቷ አለፉ። የመጨረሻው ከወጣ በኋላ ዞር አለች። መስታወቱ ውስጥ ጭብጨባው ገና አላለቀም። ኢንጂነሩ ለሚሄዱት ሰዎች እጃቸውን አውለበለቡ። አንዱአምላክም ያጨበጭብ ነበር፤ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ግቢው ባዶ ቀርቷል።